ሐኪም ቤቱና የጠይብ ድንጋይ

የሐኪም ቤታችንን ታሪክ የሚጽፉ ልጆች ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው። ቁጭ አድርገው የጻፉትን አነበቡልኝ። መሬቱን የሰጠው ባላባት አለበት። ድንጋይ ያጋዘው የአጥቢያው ሕዝብ አለበት። ቆርቆሮውን ከጎንደር ያስመጣው ነጋዴም አለበት። ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመራው አጥቢያ ዳኛ ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል፤ «የሐኪም ቤቱ አባት» ብለውታል። ምስማሩን ማን እንደቀጠቀጠ፣ የበሩን ማጠፊያ ማን እንደሠራ፣ በሽተኛው ውሃ የሚጠጣበት ጋን ከማን እጅ እንደወጣ ግን አንድ ቃል የለም።

«እማማ፣ የሚጨመር ነገር ይኖር ይሆን?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከወረቀታቸው ጋር ምን ያታግለኛል? የኔን እኔው ልጻፈው ብዬ ነው የሸኘኋቸው። የምጽፈውም ታሪክ ለማቅናት አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ እኔ አልረሳሁም። ለመበቀል ነው የምጽፈው። አንዱን በቀል በዚያን ዘመን ወስጄ ነበር፤ እንዴት እንደወሰድኩትና ምን እንዳተረፈልኝም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

እኔ የጠይብ ልጅ ነኝ። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የፎገራ ገበሬ ማረሻውን ከአባቴ፣ እንስራውን ከእናቴ ይገዛል፤ ቤታችን ገብቶ ግን አይቀምስም፣ እኛንም ቤቱ አያስገባም። ቡዳ ናችሁ ይለናል። ዓይናችን ሰው ይበላል ማለቱ ነው። የሚበላ ሰው ስናይ እህሉ ሆዱ ውስጥ ይነሣበታል፤ የታመመ ስናይ ደግሞ ሕመሙን እናብስበታለን። እንዲህ እያለን ያው ሰውዬ ማክሰኞ ዕለት ማረሻው ሲጎብጥበት «እባክህ ድረስልኝ» ብሎ ይመጣል።

ሐኪም ቤቱ የተሠራው ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ፣ ጉማራ ወንዝ ሳይደረስ፣ ውሃ የማይደርስበት ጉብታ ላይ ነው። መንግሥት ሐኪምና መድኃኒት እልካለሁ፣ ቤቱን ግን እናንተው ሥሩ አለ። ሕዝቡ በደቦ ወጣ። አባቴ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የተሰባበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ብረት እያጋለ ምስማርና ማጠፊያ ሠራ፤ የበሩን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ አፍርሶ ነው አራተኛውን የወደደው። እናቴ ሁለት ጋን ሠርታ፣ አንዱ ሲተኮስ ቢሰነጠቅባት ሌላ ሠርታ ተካችው። ዋጋ የጠየቀ የለም፤ ለሁላችንም የሚሆን ቤት መስሎን ነበር። ደቦው ሲበላ የኛ ድርሻ በቅጠል ተደርጎ ከወዲያ ተቀመጠልን፤ ያንን እንኳ ለምደነው ስለነበር አልከፋንም።

ቤቱ የተመረቀ ዕለት ቄሶቹ ጠበል ረጭተው ሲጨርሱ ዳኛው ተነሣ። ረጅም፣ ድምፁ የረጋ፣ የማይሳደብ ሰው ነበር። ተሳዳቢ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር።

«ይኸ ቤት ሰው ቁስሉን የሚገልጥበት፣ ገላውን የሚያራቁትበት ነው» አለ። «በየቤታችን በሽተኛ ሲኖር ከዓይን ጋርደን እናስተኛዋለን። እዚህ ሲመጣስ ማን ይጋርደው? ስለዚህ ጠይቦች ተአጥሩ ውጭ፣ እዚያ ድንጋዩ ላይ ይቆዩ። የመጨረሻው ገበሬ ታይቶ፣ ተከናንቦ ሲወጣ እነሱ ይገባሉ። መድኃኒቱን አልከለከልናቸውም፤ ተራቸውን ነው ያበጀንላቸው።»

ሕዝቡ «ደግ ብሏል» አለ። አባቴም አብሮ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ድንጋይ የጠይብ ድንጋይ ተባለ።

በሜዳችን ንዳድ የሚባለው ወባ ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚመጣው። ጉማራ ሞልቶ እርሻው ላይ ይተኛል፤ ሲጎድል ውሃው በየጎድጓዳው ይቀራል፤ ገበሬው በእርጥቡ ላይ ሽምብራና ጓያ ሲዘራ ሰው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሐኪም ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት እናቴን ያዛት። እኔ ያኔ ሸክላ መሥራት የጀመርኩ፣ እንስራ ማንሳት የምችል ልጅ ነበርኩ። ማለዳ እኔና አባቴ ግራና ቀኝ ደግፈን ወሰድናትና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥናት። ግቢው ሞልቶ ነበር። ዳኛው እንደ ሁልጊዜው ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ከነምርኩዙ ተቀምጦ ተራ ያስከብራል።

ፀሐይዋ ስትጠነክር እናቴን ቃላት ይምታቱባት ጀመር። አባቴ ነጠላውን አደግድጎ አጥሩ ድረስ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ሰውነቷ ይፋጃል። እባክዎ ቀድማ ትታይልኝ» አለ።

«ተራ አላት» አለው ዳኛው። «አንተ ሰው፣ ዛሬ ላንተ ብዬ ባፈርሰው ነገ በማን ላይ አጸናዋለሁ? ጥላ ፈልገህ አስቀምጣት።»

ጥላ የሚባል ነገር ከአጥሩ ውጭ አልነበረም። እናቴ ውሃ አለች። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ከጋኑ ቀዳና መጣ፤ ጣሳው እንዳይነካት ከላይ አንቆርቁሮ በእፍኟ ላይ አፈሰሰላት። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አብዛኛው መሬት ፈሰሰ። ጋኑ እሷው የሠራችው ነበር። ዓይኗን አንስታ ጋኑን አየችው።

የመጨረሻዋ ገበሬ ዓይኗን የታመመች ሴት ነበረች። ኩል ልትኳል የመጣች ይመስል ቀስ ብላ፣ ተከናንባ፣ ከዳኛው ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ ወጣች። ከዚያ ዘበኛው «ጠይቦች ይግቡ» ብሎ ተጣራ። እናቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ላነሳት ስል ከበደችኝ። አባቴ ፊቷን ያዘ፣ ከዚያ እጁን አነሳ። እንዲህ ነው የሞተችው፣ ተራዋ ሲደርስ።

ዳኛው ቀብር መጣ። ራቅ ብሎ ቆሞ አባቴን «እግዚአብሔር ያጥናህ» አለው። እኔ በዚያች ሰዓት ይህን ሰውዬ እገድለዋለሁ አልኩ። የልጅ ነገር ነው አትበሉ፤ ከልቤ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ከልቤ ነበር። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉኝ። እሽ አልኩና ጸሎቱን ተውኩት።

አባቴ ደግሞ የባሰ አደረገ። ሰኔ ላይ የዳኛው ማረሻ ጎበጠ፤ አሽከሩ ይዞት መጣ፤ አባቴም ወናፉን አስነፍቶ፣ አግሎ፣ እንደ ሌላው ሰው ማረሻ አሳምሮ ሠራለት። እኔ ወናፉን ትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ከአባቴ ጋር አንድ ቤት እየኖርን ብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አሮጌው ሐኪም ተቀይሮ ሌላ መጣ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ስለ ቡዳ ሲያወሩለት የሚስቅ ወጣት ነበር። ደም ያለበትን ጨርቅ የሚያጥብለት፣ መርፌውን የሚቀቅልለት ሰው ፈለገ፤ ከገበሬው ወገን ለደም ጨርቅ የሚሆን ሴት ጠፋች። እኔ ገባሁ። እኔን የፈለገኝ ጨርቁ እንጂ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ፊደል አስቆጠረኝ፣ ቁስል ማሰር አሳየኝ፣ በመጨረሻም ጎንደር ልኮ ጥቂት ወራት አስተማረኝና ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆኜ ተመለስኩ። የድንጋዩን ሕግ ግን እሱም አላፈረሰውም። ዳኛውን ሁለት ጊዜ ለምኖት ነበር፤ ሕዝቡ እንዳይሸሸው ፈርቶ ተወው። እኔ ነጭ ካፖርት ለብሼ ውስጥ ስሠራ የአክስቶቼ ልጆች ውጭ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሐኪሙ ካለ በሽተኛው እጄን ይቀበላል፤ ሐኪሙ ከሌለ ሐኪሙ እስኪመጣ ቤቱ ሄዶ ይተኛል።

ከሐኪሙ የተማርኩት ትልቁ ነገር መርፌ መውጋት አይደለም። «መጀመሪያ ሰውየው የመጣበትን ስጪው፤ ከዚያ ያንቺን ትሰጪዋለሽ» ይለኝ ነበር። ክታብ ያሰረ በሽተኛ ሲመጣ ክታቡን ፍታ አይለውም፤ ከክታቡ በታች ይወጋዋል። ጠበል የያዘችዋን ኪኒኑን በጠበሉ ያስውጣታል። በዚህ ዘዴ ስንቱን አዳንን! ዘዴውን ከእሱ እኩል አውቀው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት በር የለኝም።

ጥቅምት ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ሊያመጣ ደብረ ታቦር ሄዷል። ማለዳ ላይ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በጉማራ በኩል ሲመጡ በመስኮት አየሁ። ከኋላ የዳኛው ሚስት ትከተላለች። ወሬው ደርሶን ነበር፤ ዳኛው ንዳድ ይዞት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደውት፣ እዚያ ብሶበት፣ መለፍለፍ ጀምሯል ተብሏል። ቃሬዛውን እንዳየሁ እጄ ለምዶበት መርፌውን ውሃ ውስጥ ጨምሬ እሳት ላይ ጣድኩት። የንዳድ መድኃኒት ሁለት ብልቃጥ ቀርቶን ነበር። አንዱ ይበቃው ነበር።

ሚስቱ ከሰዎቹ ቀድማ መጣችና አጥሩ ውጭ ቆመች። ጥሩ ሴት ነበረች፤ በሕይወቷ ክፉ ቃል ስትናገረኝ አልሰማሁም፣ ደግ ቃልም እንዲሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ለመርፌ አይዶል የመጣሁ» አለችኝ። «ሲለፈልፍ ያደረ እናትሽን ነው። ሸክለኛዋ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች ይላል። የያዘችው እሷ ናት። እሷ የለችም፣ አንቺ አለሽ። ትፊበትና ይለቀቅልኝ። እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

ልማዱ ይህ ነው። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል፤ በልፍለፋው የጠራው ሰው ተፈልጎ ይመጣና ሦስት ጊዜ እንትፍ ይልበታል፤ ያኔ ይለቀዋል ይባላል። የንዳድ መድኃኒት ያለበት በር ድረስ መጥተው፣ መድኃኒቱን ትተው ምራቅ ለመኑኝ።

«እሽ» አልኳት። «ግን ተራ አለ። ድንጋዩ ላይ አስቀምጡትና ጠብቁ።»

አላጉረመረመችም። ትራሱን አመቻችታ ቃሬዛውን ድንጋዩ ሥር አስወረደች፤ በነጠላዋም ፀሐዩን ጋረደችለት። ያን ዕለት ሐኪሙን አጥተው ያልተመለሱ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ። የአንዷን ሕፃን እከክ ቀባሁ። የአንዱን ሽማግሌ እግር አጥቤ አሰርኩ፤ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። በመስኮት እያየሁ ነበር የምሠራው። ደስ አለኝ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ደስታ ነበር።

እኩለ ቀን ሲሆን ወጣሁ። ዳኛው ከስቷል፤ ያ ረጅም ሰው ቃሬዛው ሰፍቶታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ እኔ ላይ ሳይሆን ከኔ ወዲያ ነበር። ጎንበስ ስል ሰማሁት።

«ውሃ ስጧት» ይላል። «በጣሳ ስጧት። ውሃ ስጧት እንጂ።»

ይህን ነው ለማንም ተናግሬ የማላውቀው። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሱም ተሸክሞት ኖሯል። ዘበኛው ያደረገውን ከዋርካው ሥር ሆኖ አይቶት ነበር። ልቤ ለአፍታ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያን ዕለት አይቶ ዝም ማለቱ ትዝ አለኝና፣ አለማየቱ ይሻል ነበር ብዬ ይብስ ጠላሁት።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «ምራቄ ያለ መርፌው አይሠራም» ብላት ሚስቱ ራሷ ክንዱን ይዛ ታስወጋው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። መርፌው ተቀቅሎ፣ መድኃኒቱ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ከዚያ እስከ ድንጋዩ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። ገብቼ ከጋኑ ውሃ ጠጣሁ፤ ጠረጴዛውን በክንዴ እያሻሸሁ አለፍኩት፤ ተመልሼ ወጣሁና ሦስት ጊዜ እንትፍ አልኩበት።

«ለቅቄዋለሁ» አልኩ። «ውሰዱት።»

ሚስቱ ጉልበቴን ሳመች። ተሸካሚዎቹ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ እጅ ነሱኝ፤ ገበሬ ለጠይብ እጅ ሲነሣ ያኔ ነው ያየሁት። ዳኛው ራሱ ትንሽ ጸጥ አለ። ሚስቱ ጆሮው ላይ «ለቀቀችህ፣ ይቅር አለችህ» ስትለው ሰማሁ። ፊቱ ላላ። ወደ ጉማራ ወረዱ። እኔ ገብቼ እሳቱን አጠፋሁ።

ከሰዓት ቤት ስደርስ አባቴ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አርጅቶ ነበር። ወሬው ቀድሞኛል።

«ተፋሽበት?» አለኝ።

«አዎ።»

«መርፌውንስ?»

ነጠላዬን አውልቄ ሰቀልኩ። ከዚያ «ማረሻውን የሠራሁለት ፈርቼው መስሎሽ ኖሯል» አለኝ። «ቤቱ ውስጥ ተዚያ ማረሻ የሚበላ ሰባት ነፍስ ነበረ። እስተ ዛሬ ቡዳ ሲሉን ውሸታቸውን ነበር፣ ልጄ።»

ተነሥቶ ወጣ። በጣም ተናደድኩበት። ለእናቴ ያልተቆጣ ሰው ለዳኛው ሲቆጣ ምን ይባላል? ያን ዕለት እንዲህ ነበር ያልኩት፤ ዛሬም ከተናደድኩ እንዲሁ እላለሁ። ቃሉ ግን ከውስጤ ወጥቶ አያውቅም።

ዳኛው በሦስተኛው ቀን ሞተ። የለቅሶው ጩኸት ከጉማራ ማዶ ሲሰማ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ያን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄው ነበር! የጠበቅሁት ደስታ ግን አልመጣም፤ ምክንያቱም ሰውዬው አላወቀም። እኔ የተመኘሁት ማን እንደገደለውና ለምን እንደሆነ አውቆ እንዲሞት ነው። እሱ ይቅር ተብያለሁ ብሎ፣ ፊቱ ላልቶ ነው የሄደው። ቂሜ ባለቤት አጥቶ እኔው ላይ ቀረ።

ሰው ሁሉ አልለቀቀችውም ይላል፣ ይመጡብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመጡብኝ በወደድኩ፤ ጮኼ ሁሉንም እነግራቸው ነበር። እንዲያ ሊሉ የጀመሩ ነበሩም አሉ። ሚስቱ ናት ያስቆመቻቸው። «ልጅቷ ተፍታለታለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀኑ ደርሶ ነው» ብላ ለቅሶው መሐል ተናገረች። በአርባው ተዝካር ሰው ልካ አስጠራችኝ። የጠይብ ዘር ገብቶበት የማያውቅ ቤት አስገብታ፣ ከዘመዶቿ ተርታ አስቀምጣ፣ በእጇ አጎረሰችኝ። ጉርሻውን ሁሉም እያዩኝ ስለነበር ዋጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት መጣች። ሐኪሙ ተመልሶ ነበር። ግቢው መሐል ቆማ፣ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ ጮክ ብላ፣ «አባወራዬ ያቆመውን ሕግ እኔ አነሳሁት። እነዚህ ሰዎች ይቅር የሚሉ ሰዎች ናቸው። ተእንግዲህ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ የለም» አለች። ሐኪሙ ለዓመታት ለምኖ ያጣውን እሷ በአንድ አፍ ፈጸመችው። ማንም አልተቃወማትም፤ ሐዘንተኛን ማን ይቃወማል? ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እንግዲህ ጠይብ በሐኪም ቤታችን በር ከሰው እኩል የገባው በምን ምክንያት እንደሆነ ይህን ስጽፍ መጀመሪያ መናገሬ ነው።

ድንጋዩ ላይ ያን ቀን አንዲት እርጉዝ ነበረች፣ የቀጥቃጭ ሚስት፣ ንዳድ ይዟት የምትንዘፈዘፍ። የዳኛው ሚስት ራሷ ሄዳ አነሳቻት። ወገቧን ደግፋ፣ በበሽተኞቹ መሐል አሳልፋ፣ እኔ ወደቆምኩበት ክፍል አመጣቻት። አልጋው ላይ አስቀምጣት ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባወራዬን እንዳየሽልኝ እሷንም እይልኝ» አለችኝ።